ጌም ተጫዋቹና የቃለ መጠይቁ ወንበር

በንግግሬ ውስጥ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ላሳስብ።

«የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የሚል ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ሲወጣ አዲስ ተመራቂ ሁሉ ይረባረባል። የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ ለቃለ መጠይቅ የተጠራው ግን ወንበሩ ላይ ከተቀመጠ በኋላ የሚጠየቀው ስለ ልምዱ ሆኖ ያገኘዋል። «በቡድን ስትሠራ አለመግባባት ተፈጥሮ ያውቃል? ምን አደረግህ?»፣ «ያልጠበቅኸው ችግር ሲገጥምህ እንዴት ተወጣኸው?»፣ «ተሳስተህ ያረምከው ነገር አለ?» ይባላል። ተመራቂው «እስካሁን ሥራ ስላልጀመርኩ…» ብሎ ይጀምርና ይቆማል፤ አለዚያም «ታታሪ ነኝ፣ ተግባቢ ነኝ፣ ጫና መቋቋም እችላለሁ» እያለ በቃሉ የያዘውን ዝርዝር ይደረድራል። ከእነዚህ ወጣቶች ብዙዎቹ ለዓመታት በጌም ቤትም በስልካቸውም በቡድን ሲጫወቱ፣ ሲያቅዱ፣ ሲሸነፉ፣ ተጣልተው ሲታረቁ የኖሩ ናቸው። ለጥያቄው የሚሆን መልስ በእጃቸው አለ። መልሱ የሚገኘው ወላጅም መምህርም በክፉ በሚያየው ቦታ ስለሆነ ግን ያፍሩበትና ሳይናገሩት ይወጣሉ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ይህን ርዕስ የመረጥሁትም ስለሚያሳዝነኝ ነው።

የምከራከርለት ነገር በአጭሩ ይህ ነው። የቪዲዮ ጌም ችሎታ በቃለ መጠይቅ ሊጠቅም ይችላል፤ የሚጠቅመው ግን ተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ ያደረገውን ነገር ከጌሙ አውጥቶ፣ ጌም በእጁ ነክቶ ለማያውቅ ሰው በሚገባ መንገድ መናገር ሲችል ነው። ጌም መጫወት በራሱ ለሥራ ያበቃል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ማስረጃው አይደግፋቸውም። ጌም ሁሉ ጊዜ ማቃጠል ነው የሚሉትንም ማስረጃው አይደግፋቸውም። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ለማሳየት በመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ምን እንደሚለካ እንይ።

የቅጥር ጉዳይ ከመቶ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ሲጠና ቆይቷል። በ1998 ፍራንክ ሽሚትና ጆን ሀንተር የተባሉ አሜሪካውያን የ85 ዓመታት ጥናቶችን አሰባስበው የትኛው የቅጥር መንገድ የሠራተኛውን የወደፊት ብቃት በተሻለ እንደሚተነብይ አወዳደሩ። በ2022 ደግሞ ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ያንን ስሌት እንደገና ፈትሸው ብዙዎቹን ቁጥሮች ዝቅ አደረጓቸው። በዚህ በታረመው ስሌት ከሁሉም የላቀውን ቦታ የያዘው ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ጥያቄ ቀርቦ መልሱ አስቀድሞ በተዘጋጀ መመዘኛ ነጥብ የሚሰጥበት ቃለ መጠይቅ ነው፤ ከሥራ ብቃት ጋር ያለው ዝምድና 0.42 ሆኖ ተገኘ። ያለ ዝግጅት፣ ጠያቂው በመጣለት ሐሳብ የሚያደርገው ቃለ መጠይቅ ግን 0.19 ብቻ ነው። ዜሮ ማለት ምንም ዝምድና የለም፣ አንድ ማለት ፍጹም ዝምድና አለ ማለት ስለሆነ፣ ልዩነቱ የዋዛ አይደለም። የተሻለው ቃለ መጠይቅ አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩረው ሰውየው ባደረገው ወይም በተሰጠው ሁኔታ ውስጥ ሊያደርግ በሚችለው ነገር ላይ ነው። መመዘኛው ላይ «ታታሪ ነኝ» ለሚል ቃል የሚሰጥ ነጥብ የለም። ምን ተፈጠረ፣ አንተ ምን ኃላፊነት ነበረብህ፣ ምን አደረግህ፣ ምን ውጤት መጣ ለሚለው ግን አለ። ስለዚህ አመልካቹ ይዞ መቅረብ ያለበት ድርጊት ነው።

ጌም ውስጥ እንዲህ ዓይነት ድርጊት ይገኛል ወይ? አንዱን ጌም ቀረብ ብለን እንየው። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በ2004 የወጣ፣ በኢንተርኔት በብዙ ሰው የሚጫወቱት ጌም ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትልልቆቹ ዘመቻዎች እስከ 40 ሰው ይጠይቁ ነበር። አርባውም በየቤታቸው፣ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ብዙዎቹ በአካል ሳይተዋወቁ ይሰለፋሉ። ጥቂቶቹ የአውሬውን ምት በራሳቸው ላይ ይስባሉ፤ ሌሎች የቆሰለውን ይፈውሳሉ፤ የቀሩት ይመታሉ። አንድ ፈዋሽ ለጥቂት ሰከንድ ቢዘናጋ አርባውም ያልቃሉ፤ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከሰዓታት ልፋት በኋላ አውሬው ሲወድቅ ግን ዋናው ችግር ገና መጀመሩ ነው፤ ለአርባ ሰው የሚወድቀው ምርኮ ጥቂት ዕቃ ብቻ ነውና። ማን ይውሰደው? ለወራት አንድም ዘመቻ ሳይቀር የመጣው ነው ወይስ ዕቃው በይበልጥ የሚያስፈልገው አዲሱ ሰው? ጊልድ የሚባሉት የተጫዋቾች ማኅበራት ለዚህ ሲሉ የነጥብ መዝገብ ይይዙ ነበር፤ በዘመቻ የተገኘ ነጥብ ያከማቻል፣ ዕቃ የወሰደ ከነጥቡ ይቀነስበታል። መዝገቡን የሚይዝ፣ ቅሬታ የሚሰማ፣ የዘገየውን የሚገሥጽ፣ የተኳረፉትን የሚያስታርቅ ሰው ይመደባል። የጊልዱ መሪ ደመወዝ አይከፍልም፤ ከሥራ አባርራለሁ ብሎ ማስፈራራትም አይችልም፤ የተከፋ ሰው ማዳመጫውን አውልቆ ሌላ ጊልድ ይገባል። በፈቃዱ የመጣን ሰው ይዞ ማቆየት ለማንኛውም አለቃ ከባዱ ሥራ ነው።

ይህን ያስተዋሉት ጆን ሲሊ ብራውንና ዳግላስ ቶማስ በ2006 ዋየርድ በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ላይ ስቲቨን ጊሌት ስለተባለ የቴክኖሎጂ ባለሙያ ጽፈው ነበር። ጊሌት በዚሁ ጌም ከታወቁት የጊልድ መሪዎች አንዱ ሲሆን፣ ጸሐፊዎቹ ያሁ በተባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ለከፍተኛ ኃላፊነት ሲወዳደር ይህ ልምዱ ብልጫ እንደሰጠው ተከራከሩ። በ2008 ደግሞ ስታርባክስ የተባለው የቡና ኩባንያ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዋና ኃላፊ ሆነ። ይህ ታሪክ ጌምን የሚያወድሱ ሰዎች ሁሉ የሚጠቅሱት ስለሆነ ልኩን ልናውቅ ይገባል። ሰውየው በሙያው የበቃ ሰው ነበር። ጊልዱ ሙያውን አልተካለትም፤ ሰው የማስተባበር ችሎታውን የሚያሳይ ተጨማሪ ሜዳ ሆነለት እንጂ። እኔ ከዚህ በላይ አልወስደውም።

አሁን ወደ ሳይንሱ እንለፍ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በ2003 ሾን ግሪንና ዳፍኒ ባቬሊየር ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባሳተሙት ጥናት የተኩስና የፍጥነት ጌም የሚጫወቱ ሰዎች ዓይናቸው በአንድ ጊዜ ብዙ ነገር የመከታተል ብልጫ እንዳለው አሳዩ፤ ያልተጫወቱ ሰዎችም ለ10 ሰዓት ያህል ሲሠለጥኑ መሻሻል ታይቶባቸዋል። በ2007 ደግሞ በኒውዮርክ 33 የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ቀደም ሲል በሳምንት ከ3 ሰዓት በላይ ጌም ይጫወቱ የነበሩት በካሜራ እየታየ በትንሽ ቀዳዳ በሚሠራው የቀዶ ሕክምና ልምምድ 37 በመቶ ያነሰ ስሕተት እንደሠሩና 27 በመቶ እንደፈጠኑ ዘግቧል። እነዚህ ውጤቶች በዓለም ዙሪያ ተናፈሱ። ዳሩ ግን የሐኪሞቹ ጥናት አንድ ነገር አያረጋግጥም፤ ጌሙ እጃቸውን አቀለጠፈው ወይስ መጀመሪያውኑ እጀ ቀልጣፎች ጌም ይወዳሉ የሚለውን አይለይም። በ2018 ደግሞ ጆቫኒ ሳላ፣ ሴሚር ታትሊዲልና ፌርናንድ ጎቤ የዘርፉን ጥናቶች በብዛት ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ጌም መጫወት ጠቅላላ የማሰብ ችሎታን ያሳድጋል ለሚለው አባባል የረባ ድጋፍ አላገኙም። እንግዲህ «ጌም አእምሮዬን ስላሳደገው ቅጠሩኝ» የሚል አመልካች የቆመበት መሬት ጽኑ አይደለም። አስተዋይ ጠያቂ ቢያጋጥመው እዚያው ይወድቃል።

ታዲያ ከዚህ ምን ይተርፋል? በ1901 ኤድዋርድ ቶርንዳይክና ሮበርት ውድዎርዝ ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ ክብደት አለው። በአንድ ቦታ የተማርነው ወደ ሌላው የሚሻገረው ሁለቱ ቦታዎች በሚጋሩት ነገር ልክ ነው። እንግሊዛዊው ጃን ማርደንቦሮ በ2011 ግራን ቱሪዝሞ በተባለው የመኪና ጌም ውድድር ከ90,000 ገደማ ተወዳዳሪዎች በልጦ እውነተኛ እሽቅድምድም ውስጥ ገባ፤ በ2013ም በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ከቡድኑ ጋር በምድቡ 3ኛ ወጣ። መሪው፣ ኩርባው፣ የፍሬን ነጥቡ በጌሙም በመንገዱም አንድ ስለሆነ ተሻገረለት፤ ቢሆንም ከባድ ሥልጠና ተጨምሮበት ነው። የባንክ ገንዘብ ተቀባይነት ወይም የመጋዘን ኃላፊነት ሥራ ከወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ጋር የሚጋራው በዓይን የሚታይ ነገር ግን የለም። የሚጋሩት በውስጥ ያለውን ቅርጽ ነው። ጥቂት ነገር ለብዙ ፈላጊ ማካፈል፣ መዝገብ በሐቅ መያዝ፣ የተቆጣን ሰው ማብረድ። የውስጥ ቅርጽ ደግሞ ሰው በቀላሉ አያየውም።

ይህን በግልጽ ያሳየው በ1980 ሜሪ ጊክና ኪት ሆልዮክ የሠሩት ሙከራ ነው፤ ለዛሬው ርዕሳችን ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው እሱ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ለተሳታፊዎች አንድ እንቆቅልሽ ቀረበ። በሆዱ ውስጥ እጢ ያለበት በሽተኛ አለ፤ እጢውን የሚያጠፋ ጨረር አለ፤ ጨረሩ በሙሉ ኃይሉ ከተላከ በመንገዱ ያለውን ጤነኛ ሥጋ ያቃጥላል፤ ኃይሉ ከተቀነሰ እጢውን አይነካም። ምን ይደረግ? ራሳቸው መፍትሔውን ያገኙት ከ10 ሰዎች 1 ያህሉ ናቸው። ለሌሎች ከእንቆቅልሹ በፊት አንድ ታሪክ ተነገራቸው። የጦር መሪ ምሽግ መስበር ይፈልጋል፤ ወደ ምሽጉ የሚወስዱት መንገዶች ሁሉ ብዙ ሰው ሲረግጣቸው የሚፈነዳ ፈንጂ ተቀብሮባቸዋል፤ መሪው ጦሩን በትንንሽ ቡድን ከፋፍሎ በሁሉም መንገድ ላከና ምሽጉ ላይ በአንድ ጊዜ አገናኘው። መፍትሔው ቁልጭ ብሎ ተቀምጧል፤ ደካማ ጨረሮችን ከብዙ አቅጣጫ ልኮ እጢው ላይ ማገናኘት ነው። ይሁን እንጂ ታሪኩን ከሰሙት ውስጥ በራሳቸው ያገናኙት ከ10 ሰዎች 3 ያህሉ ብቻ ናቸው። «የሰማችሁት ታሪክ ይረዳችኋል» የምትል አንዲት ፍንጭ ስትጨመር ግን ከ10 ሰዎች 7 እና ከዚያ በላይ የሚሆኑት ፈቱት። እውቀቱ በሁሉም ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ የጠፋው ድልድዩ ነው።

አመልካቹና ጠያቂው የሚገናኙበት ክፍል ውስጥ ይኸው ነገር በእጥፍ ይከሰታል። አመልካቹ የጌሙን ታሪክ ይዟል፤ «ከባልደረቦችህ ጋር ስትጋጭ ምን አደረግህ?» የሚለው ጥያቄ ሲመጣለት ግን ፍንጩን የሚሰጠው የለምና አያገናኘውም። ጠያቂው ደግሞ ጌም ሲባል የሚታየው በጨለማ ክፍል ጆይስቲክ ይዞ የተደፋ ልጅ ነውና እሱም አያገናኘውም። ድልድዩን የመዘርጋት ሸክም ያለው አመልካቹ ላይ ነው፤ መዘርጋት ያለበትም ከቤቱ ሳይወጣ፣ አስቀድሞ ነው። በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ማቲው ባር በ2017 ባሳተመው አነስተኛ ሙከራ፣ ለ8 ሳምንት በድምሩ 14 ሰዓት ጌም የተጫወቱ ተማሪዎች በመግባባት፣ ከሁኔታ ጋር በመላመድና ዘዴ በመፈለግ ከማይጫወቱት የተሻለ ለውጥ ማሳየታቸውን ዘግቧል። መለኪያው ተማሪዎቹ ስለ ራሳቸው የሞሉት መጠይቅ ስለነበረ ብዙ ክብደት አልሰጠውም። ቢሆንም ለቃለ መጠይቅ አንድ ቁም ነገር አለው፤ ሰው ያለውን ችሎታ በስሙ ሲጠየቅ ማየት ይጀምራል።

ድልድዩ ምን እንደሚመስል በምሳሌ ላሳይ። «የመሪነት ልምድ አለህ?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ አመልካች እንዲህ ይላል እንበል፦ «በጌም በጣም ጎበዝ ነኝ፤ ፊፋ በሚባለው የእግር ኳስ ጌም ሰፈር ውስጥ የሚያሸንፈኝ የለም።» ይህ መልስ ጉራ ብቻ ነው፤ የጣት ፍጥነቱን ከመንገር አያልፍም። ሌላው ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «በሰፈራችን ጌም ቤት 16 ልጆች የተካፈሉበት የእግር ኳስ ጌም ውድድር አስተባብሬ ነበር፤ የመመዝገቢያውን ገንዘብ የምይዘውም እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን አንዱ ጨዋታ 2 ለ 1 ላይ እያለ መብራት ጠፋ። የሚመራው ‹አልፌያለሁ› አለ፤ እየተመራ ያለው ‹ከዜሮ ይጀመር› አለ፤ ሁለቱም ደጋፊ ስለነበራቸው ነገሩ ወደ ጠብ ሄደ። ደንባችን ስለ መብራት የሚለው ነገር አልነበረም። ሁለቱን ለየብቻ አነጋገርኳቸውና የቀረውን ደቂቃ ያህል በአዲስ ጨዋታ ተጫውተው ጎሉ ከ2 ለ 1ዱ ጋር እንዲደመር አስማማኋቸው። በዚያው ቀን ደንቡን ጽፌ ለሌሎቹም በሚታይበት ለጠፍኩት። በመጨረሻ ገንዘቡን በሁሉም ፊት ቆጥሬ ለአሸናፊው አስረከብኩ።» ሁለተኛው አመልካች በጌም ጎበዝ ይሁን አይሁን አልነገረንም፤ ምናልባት በመጀመሪያው ዙር ተሸንፎ ወጥቶ ይሆናል። የነገረን ግን ደንብ ያልሸፈነው ችግር ሲመጣ ምን እንዳደረገ፣ የተጣሉትን እንዴት እንዳስማማ፣ ችግሩ እንዳይደገም ምን እንዳበጀ፣ የሰው ገንዘብ እንዴት እንደያዘ ነው። ጠያቂው ጌም የሚባል ነገር አይቶ ባያውቅ እንኳ ይገባዋል፤ መመዘኛው ላይ ነጥብ የሚጽፍበት ቦታም አለው።

ከዚህ አንድ ተግባራዊ ነገር ይወጣል። ከጌም ውስጥ ለቃለ መጠይቅ የሚመረጠው ክፍል ተጫዋቹ በጣም የሚኮራበት ክፍል መሆን የለበትም። ደረጃ፣ ነጥብ፣ ያሸነፈው ብዛት ከጌሙ ውጭ ዋጋ የላቸውም። ዋጋ ያላቸው አሰልቺዎቹ ናቸው፤ ሰዓት ማስከበር፣ አዲስ ሰው ማሠልጠን፣ የተሸነፈ ቡድን እንዳይበተን ማድረግ፣ ቅሬታ መስማት። ፐብጂ በተባለው የተኩስ ጌም ላይ አራት ሆኖ የሚጫወት ልጅ ማን ምን እንደሚይዝ፣ ማን እንደሚቃኝ፣ የወደቀውን ለማንሳት መቼ መመለስና መቼ ጥሎ መሄድ እንደሚገባ በሰከንዶች ውስጥ ይወስናል። ቃለ መጠይቁ ላይ ግን ከተኩሱ ይልቅ የሚጠቅመው ከጨዋታው በኋላ ያለው ነው፤ «ለምን ተሸነፍን?» ብለው ሲወያዩ ጥፋተኛውን ሳያዋርድ ስሕተቱን የተናገረው ማን ነበር? እሱ ታሪክ አለው።

ሌላም የሚሻገር ልማድ አለ፤ ይኸኛው ስለ ቃለ መጠይቁ ራሱ ነው። ደኅና ተጫዋች ሲሸነፍ ቅጂውን መልሶ ያያል፤ የት ላይ እንደተጋለጠ ፈልጎ በሚቀጥለው አንዲት ነገር ይለውጣል። ሥራ ፈላጊው ግን ከቃለ መጠይቅ ሲወጣ «ዕድል የለኝም» ወይም «ለዘመድ ተይዟል» ብሎ ይዘጋዋል። አንዳንዴ እውነቱን ነው፤ በዝምድና የሚሰጥ ሥራ እንዳለ የማያውቅ የለም። ሁልጊዜ ግን እውነት ሊሆን አይችልም። ጌም ለምን እንደተሸነፍክ ወዲያው ያሳይሃል፤ ቀጣሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱን አይነግርህም። ስለዚህ ቅጂውን ራስህ መሥራት አለብህ። ከሕንፃው እንደወጡ የተጠየቁትን ጥያቄ በሙሉ፣ የመለሱትን፣ የቆሙበትን ቦታ በደብተር መጻፍ፤ ለቆሙበት ጥያቄ መልስ አዘጋጅቶ ለጓደኛ ጮክ ብሎ መናገር። ተጫዋች ይህን ዓይነት ትዕግሥት ከየትም መበደር አያስፈልገውም፤ አንድ ደረጃ ለማለፍ ሃያ ጊዜ ሲሞክር ማንም አላስገደደውም።

አሁን ተቃውሞዎቹን ልስማ። የመጀመሪያው «ጠያቂዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ጌም የሚል ቃል ሲሰሙ ፋይሉን ይዘጉታል» የሚለው ነው። ይህ ተጨባጭ አደጋ ነውና የለም ብዬ አልሸነግላችሁም። ለዚህም ነው ምሳሌው ከመብራት መጥፋትና ከገንዘብ አደራ እንጂ ከጌሙ ስም መጀመር የማያስፈልገው። ተለማማጅ ሆኖ የሠራ፣ በዩኒቨርሲቲ ክበብ የመራ፣ በቤተሰቡ ሱቅ የቆመ አመልካች ያንን ያስቀድም፤ የጌሙ ታሪክ የሚመጣው ከእሱ የተሻለ ከሌለ ወይም ለአንድ የተለየ ጥያቄ ከሁሉም በላይ የሚስማማው እሱ ሲሆን ነው። ከአንድ በላይ የጌም ምሳሌ ማንሳትም ጠያቂውን ያሳስበዋል። ሶፍትዌር፣ ዲዛይን ወይም የደንበኞች የስልክ አገልግሎት በሚሠሩ ድርጅቶች በሩ ሰፋ ይላል። አገራችንም ጌም የሚሠሩ ባለሙያዎች አሏት፤ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት «ኩኩሉ» የተሰኘውን የስልክ ጌም ሠርቶ ለገበያ አቅርቧል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የወላጆች ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝም እሱ ነው። ልጃቸው ጌም ላይ ተጥዶ ሲያድር፣ ትምህርቱን ሲጥል ያዩ ወላጆች «እናንተ ደግሞ ምክንያት ጨመራችሁለት» ይላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገቡ ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን እንደ ሕመም መዝግቦታል፤ ምልክቶቹም ራስን መግታት አለመቻል፣ ጌምን ከሌላው የሕይወት ጉዳይ ማስቀደምና ጉዳቱ እየታየ መቀጠል ናቸው። እንዲህ ያለ ልጅ እርዳታ ያስፈልገዋል፤ ለእሱ ስለ ቃለ መጠይቅ ማውራት ጭካኔ ነው። ነገር ግን ክርክሬ ማንም ለሥራ ብሎ ጌም ይጀምር ወይም ይጨምር አይልም። የተጫወተው ተጫውቷል፤ ጊዜው አልፏል። ጥያቄው ካለፈው ጊዜ ውስጥ የሚገባው ነገር ካለ ይውጣ ወይስ አብሮ ይቀበር የሚለው ነው። የጌሙን ልምድ በሥራ ቋንቋ ለመናገር የተቀመጠ ልጅ ስንት ሰዓቱ ፍሬ እንደሰጠና ስንቱ በከንቱ እንደሄደ ራሱ ማየቱ አይቀርም። ወላጅ ሺህ ጊዜ ከሚቆጣው ይህ የበለጠ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው «ማንም ተነስቶ ውድድር መርቻለሁ ቢል ማን ያረጋግጣል?» የሚል ነው። ይህ ስለ ክበብም፣ ስለ በጎ ፈቃድም፣ ስለ ቀድሞ ሥራም ሊባል ይችላል። መድኃኒቱ ተከታታይ ጥያቄ ነው። ከውሳኔው ጋር ያልተስማማ ሰው ነበር? ምን አለ? ሌላ ምን አማራጭ አስበህ ነበር? ዛሬ ቢሆን ምን ትለውጣለህ? እውነተኛ ታሪክ ያለው ሰው እየተጠየቀ በሄደ ቁጥር ዝርዝሩ ይበዛለታል፤ የፈጠረው ግን እየሳሳ ይመጣል። አንዳንድ ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ሌላ መንገድ ሞክረዋል፤ ዩኒሊቨር ከ2016 ጀምሮ ወጣት ሠራተኞችን ሲመለምል ፓይሜትሪክስ የተባለው ድርጅት ያዘጋጃቸውን አጫጭር ጌሞች ተጠቅሟል። እነዚያ ግን የሚመዝኑት ትኩረትንና ለአደጋ ያለን ዝንባሌ የመሳሰለውን ስለሆነ፣ በፊፋ የሠለጠነ ጣት የተለየ ጥቅም ያስገኝባቸዋል ብሎ መጠበቅ አያስኬድም።

አራተኛውን ተቃውሞ ማንም ሳያነሳብኝ እኔው አነሳዋለሁ፤ የፍትሕ ጥያቄ ነውና። ጌም ቤቶቻችን በአብዛኛው የወንድ ልጆች መዋያ ናቸው። በኢንተርኔት የሚጫወቱ ሴቶችም ድምፃቸው ሲሰማ ስድብና ትንኮሳ ስለሚደርስባቸው ብዙዎቹ ማይክሮፎናቸውን ዘግተው ይጫወታሉ፤ ስለዚህ ቡድን ለመምራት ያላቸው ዕድል ከመጀመሪያው ጠቧል። ጠያቂዎች ለጌም ታሪክ ጆሮ ሰጥተው ለሌላው ካልሰጡ ለወንዱ አንድ ተጨማሪ በር ከፍተው ለሴቷ ዘጉ ማለት ነው። የመኝታ ክፍል ጓደኞቿን እቁብ የሰበሰበች ተማሪ፣ እናቷ ስትታመም የታናናሾቿን ትምህርት ቤትና የቤቱን ወጪ ለወራት ያስተባበረች ልጅ፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ መቶ እንግዳ በሚስተናገድበት ቤት ማን ምን እንደሚሠራ የደለደለች ወጣት ከጊልድ መሪው ያላነሰ ነገር ሠርተዋል። እነሱም እንደ ጌም ተጫዋቹ ሁሉ «ይህ ደግሞ ልምድ ይባላል?» ብለው ያፍሩበታል። የቅጥር ኮሚቴዎች ይህን በቀላሉ ማስተካከል ይችላሉ። ጥያቄውን «በሥራ ቦታ» ብለው ከመጀመር «በሥራ፣ በትምህርት፣ በቤት፣ በሰፈር ወይም በጨዋታ» ብለው ይጀምሩት፤ መመዘኛውም የት ተደረገ የሚለውን ትቶ ምን ተደረገ የሚለውን ይመዝን። ለሁሉም አመልካች በዚሁ ቃል ይቅረብ፤ ከመልሱ በኋላም ሦስትና አራት ተከታታይ ጥያቄ ይጨመር። ይህን ለማድረግ አዲስ በጀት አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት ቃለ መጠይቅ ያለበት ኮሚቴ ዛሬ ማታ ወረቀቱን አስተካክሎ ሊያትመው ይችላል።